ቦኖ፣ ቅዳሜ

መምህር ንጋቱ የእናቴን ግጥም የያዘውን ደብተር ከእጄ የወሰደው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እስከ ዛሬ «እሳቸው» ይለዋል፤ እኔ እሱ ነው የምለው። አምና ሞቷል። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔ መውቀስ የጀመርኩት በቁሙ ስለሆነ ያ ቃል አይመለከተኝም።

ይህን እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሌላውን ጉዳይ ሲያገላብጥ ይኖራል እንጂ የራሱን አይከፍትም። ያነሣሣኝ የዘንድሮው የግንቦት ልደታ ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ዋለ። ድሮ በየደጃችን ጎዝጉዘን ነበር ንፍሮውን የምንበላው፤ አሁን ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ባለ መኪኖቹ ለሁለት ሰዓት ያህል ያነሡልናል፣ እኛም የፕላስቲክ ወንበራችንን ይዘን እንወርዳለን። ከአራተኛ ፎቅ መውረዱ አይከብደኝም፤ መውጣቱን ነው የምፈራው። ጉልበቴ እንደ ድሮ ጋሪ ይንቋቋል። ወርጄ፣ ድርሻዬን በሳህን ይዤ፣ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሃል ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በበሩ ገቡ። ከፊታቸው አንገቷ ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያንጠለጠለች ልጅ አለች። ሐና እባላለሁ አለች። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ወጣቶችን እየሰበሰበች በየሰፈሩ ትዞራለች፣ የቱ ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ምን እንደተገጠመ እያሳየች። «ልደታ የቃል ሰፈር ናት» አለች። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩትን ራፖር ጸሐፊዎች አነሳች። ድሮ መጽሐፍ በቀን የሚከራይበትን ግንብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቅኔ ሲዘርፉ የነበሩትን ተማሪዎች አነሳች። መልካም ልጅ ናት፣ ተዘጋጅታለች። ጎረቤቶቼ ንፍሮ አቀረቡላቸው። ከዚያ እጇን ዘርግታ እኔ ወደተቀመጥኩበት አመለከተች።

«እዚህ ጋ፣ እትዬ የተቀመጡበት ቦታ፣ የሰፈሩ ቦኖ ነበር። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ልብስ ሲያጥቡ ይዘፍኑ ነበር። ሁላችሁም የምታውቁትን ዘፈን የሰጠን ይኼ ቦኖ ነው። እስቲ በጭብጨባ!»

አጨበጨቡ። እሷም አለች፦

ሸሚዝህን አጠብኩት፣ ነጣልህ እንደ ጥጥ፤
ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ እስኪደርቅ ልቀመጥ።

ልጆቹ ተቀበሏት። ጎረቤቶቼም ተቀበሏት፤ ትምህርት ቤት የተማሩት ነው። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ አጨበጨበ።

«እትዬስ ያውቁታል አይደል?» አለችኝ ልጅቱ ጎንበስ ብላ። «እዚሁ ነው ያደጉት አሉኝ። ሲዘፈን ፈጠን ብሎ ነበር ወይስ ዝግ ብሎ?»

«አይዘፈንም ነበር።»

«እ? ታዲያ እንዴት ነበር?»

«ጉልበቴን አሞኛል የኔ ልጅ» አልኳትና ወንበሬን ይዤ ተነሳሁ። ሳህኔን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

ቦኖው የነበረው በእርግጥም እዚያው ነው። ሲሚንቶው በሁለት በኩል ተሰንጥቆ ሳር ያበቅል ነበር፤ ቧንቧው አፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት፣ ካልታሰረ ውሃው ወደ ጎን የሚረጭ። በስተግራው እኛ የምንኖርበት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ በስተቀኙ ዳቦ ቤት። ዳቦው በአሥር ሳንቲም ነበር፣ በጠዋት ከሄድሽ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጥሻል፤ እኔ ፊደል አጥርቼ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ጋዜጣ ነው። ወረድ ሲሉ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ራዲዮ ጠጋኙ ተደርድሮ። ወንዶቹ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው መንገዱን ሲጠርጉት ይውላሉ፤ ሴቶቹ አጭር ቀሚስ ላይ ነጠላ ደርበን ነው የምንወጣው፤ ነጠላው ለቤተሰብ፣ ቀሚሱ ለራሳችን። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ሸክላው ይዞራል፤ ዘፈኑን ለመጨረስ ብለን የጫማ ማሠሪያ የምንፈታና የምናስር ነበርን። ወደ ሰንጋ ተራ ሲሄዱ ከብት ይገበይበት የነበረው ሜዳ ስሙ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ግን ከድሮዎቹ ነጋዴዎች ገና በሕይወት ያሉ ነበሩ፣ ከንፈራቸው ላይ መፋቂያ ሰክተው የሌለ በሬ በዓይናቸው የሚመዝኑ። አሁን እዚያ የቆመው ፎቅ ሁሉ መስታወት ነው። ባለፈው ታክሲ ስጠብቅ ራሴን አየሁበት፤ ማን ናት ይቺ አሮጊት ብዬ ነው ዞር ያልኩት።

እናቴ ወይዘሮ በለጡ ትባላለች። ከሰላሌ በልጅነቷ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ አልቃሽ። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው መጀመሪያ ወደ ሟች ቤት አይደለም የሚሮጠው፤ ወደ እኛ ቤት ነው። «ወይዘሮ በለጡ አሉ?» ይባላል። እሷ ግን ተነሥታ አትሄድም። ሟቹን የሚያውቅ ሰው በርጩማ ላይ ታስቀምጥና ሦስት ነገር ትጠይቃለች። እጁ ምን ይሠራ ነበር? ከማን ጋር ተኮራርፎ ነበር? ምን ሳይጨርስ ቀረ? ሌላ አትጠይቅም። መልሱንም ከሐዘንተኛው አትቀበልም። «ሐዘንተኛ ይዋሻል፤ ጎረቤት ግን አይምርም» ትል ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስቀይማቸው ነበሩ። አንዴ አንዲት ሴትዮ «ወንድሜ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም» ብላ ተቆጣች። እናቴ ነጠላዋን መልሳ ሰቀለች። «እንግዲያው ሰው አይደለም። ሰው ላልሆነ ምን ብዬ ላልቅስ?» ሴትዮዋ ሦስት ሰው ቆጠረችላት።

የጠመንጃ ያዡ ልብስ ሰፊ የሞተ ጊዜ አብሬያት ነበርኩ። ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ጋር ሰባት ዓመት አይነጋገሩም ነበር፤ ግድግዳቸው አንድ ነው፣ የአንዱ መኪና ሲሰፋ የሌላው ይሰማል። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ቆማ እንዲህ አለች፦

የሁሉን ለክተህ፣ ሰፍተህ ስታለብስ፤
ለራስህ በቃህ ወይ፣ አቡጀዲ ልብስ።

ቀጥላ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሁለቱ መኪና ድምፅ አወረደችው። ከወንዶቹ መሃል መጀመሪያ ያለቀሰው ያ የተኮራረፈው ጎረቤት ነው። ደግፈው አወጡት። ለዚህ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ የምትጠይቀው።

ከለቅሶ ስንመለስ ቃሉን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀመርኩት። ከእያንዳንዱ ግጥም በላይ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩንና ቀኑን እጽፋለሁ፤ ይህ የእሷ ሕግ ነው። «ስሙን ሳትጽፊ ቃሉን አትጻፊ። ለማን እንደተለቀሰ ካልታወቀ ሜዳ ላይ ይቀራል» ትለኛለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት ይህን ያስተማረችኝ። በኋላ መዝገብ ቤት ስገባ አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን «ስም የሌለው መዝገብ አይከፈትም» ሲለኝ፣ ይህንስ ከቤቴ ይዤው መጥቻለሁ አልኩ በሆዴ።

ያንን ሕግ አንድ ጊዜ ጥሻለሁ። ወንድሜ ተፈራ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረው፣ እሑድ እሑድ ብቻ የሚለብሰው፤ ኮሌታው እንዳይቆሽሽ ከውስጥ መሐረብ ያደርጋል፣ እንዲያውም አንዳንዴ ማውለቁን ረስቶ ከነመሐረቡ ይወጣና ሰፈርተኛው ይስቅበታል። አንድ ዓርብ መጥተው ወሰዱት። እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ያየ ሰው ነገረን፤ እኛ አላየንም። የዚያን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ ጥሩምባ አልተነፋም፣ ጎረቤት ከንፈሩን እንኳ ከበሩ ውስጥ ሆኖ ነው የመጠጠው። ለሰፈሩ ሁሉ ያለቀሰችው ሴት ለልጇ እንባ ብታወጣ ለእኔ ያሰጋል። ስለዚህ አላወጣችም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ነጭ ሸሚዝ ይዛ ቦኖው ጋ ሄደች። ንጹሕ ነበር፣ የተተኮሰ ነበር። ሳሙና መታ አጠበችው፣ ገመድ ላይ አሰጣችው፣ ሥሩ ተቀመጠች፣ ሲደርቅ አጥፋ ይዛ ገባች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ላይ፣ ጎንበስ ብላ እያሸች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጠጋ ብዬ ባልዲ የማጥብ መስዬ ሰማኋት። አራት ስንኝ ነበር። ሁለቱን ልጅቱ ስትለው ሰምታችኋል። ሌሎቹን ሁለት ወደ ኋላ እጽፋቸዋለሁ። ቤት ገብቼ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ገለበጥኩት። ስም አልጻፍኩም፤ ቢገኝብንስ? ከላይ «ቦኖ፣ ቅዳሜ» ብቻ አልኩ። እናቴ እንደጻፍኩት አታውቅም ነበር።

መምህር ንጋቱ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። ጥሩ አስተማሪ አልነበረም አልልም። ቡናማ ኮርዶሮይ ኮት፣ ኪሱ ላይ ቀይ እስክሪብቶ፤ ግጥም ሲያነብ መስኮት እንድንዘጋ ያዘናል፣ ቃል እንዳይወጣበት። አንድ ቀን «እናንተ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሀብት አታውቁም። እናቶቻችሁ ባለቅኔ ናቸው። የሚሉትን ጽፋችሁ አምጡ» አለን። ሌሎቹ የእንቆቅልሽና የእሹሩሩ ብጣሽ ወረቀት አመጡ። እኔ ያ ሁሉ ዓመት የጻፍኩትን ደብተር አመጣሁ። እንዴት እንደኮራሁ አሁን ሳስበው ያመኛል። አገላበጠና መነጽሩን አወለቀ። «የሺመቤት፣ ይህን ሁሉ አንዲት ሴት ናት ያለችው?» አለኝ። «አዎ ጋሼ፣ እናቴ ናት።» ለአንድ ሳምንት ብቻ አለ። የመጨረሻውን ገጽ ልቀደው አስቤ ነበር። ከቀደድኩት ተፈራ የትም ሊጻፍ አይደለም ብዬ ተውኩት። ሳምንቱ አለፈ፣ ፈተና መጣ፣ ክረምት ገባ። መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሯል ተባለ።

በሁለተኛው ዓመት፣ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ በመጀመሪያ ደመወዜ ሻሽ ልገዛ ስወጣ፣ መጻሕፍት መደብር መስኮት ላይ ፎቶውን አየሁት፣ ከረባት አስሮ። የመጽሐፉን ርዕስ እዚህ አልጽፍም፤ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ሻሹ ቀረና መጽሐፉን ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ «ከሕዝብ አፍ የተሰበሰበ»። ልብስ ሰፊው ስሙ ጠፍቶ «የልብስ ሰፊ ለቅሶ» ሆኗል። ሰንጋ ነጋዴው «የነጋዴ ለቅሶ»። ሁሉም ስማቸው ተገፎ፣ በየሙያቸው ተመድበው፣ እንደ ጥራጥሬ። የእናቴ ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም። ከዚያ ሌላ ምዕራፍ ገለጥኩ፣ «የሥራ ዘፈኖች» የሚል። እዚያ ውስጥ «የልብስ አጣቢ ሴቶች ዘፈን» ተብሎ ያ ሁለት ስንኝ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ተቆርጠው ወድቀዋል። ከሥሩ በቅንፍ «በጭብጨባ» ይላል። ቦኖ የሚል ቃል አይቶ፣ ሸሚዝና ፀሐይ አይቶ፣ የሟች ስም ስላጣ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ የሚሉት ነው ብሎ የደመደመ መሰለኝ። ጭብጨባውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

አዲሱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ጠበቅኩት። ከሁለት አስተማሪዎች ጋር እየሳቀ ወጣ።

«የሺመቤት! አደግሽሳ! አየሽው መጽሐፉን?»

«አየሁት። የእናቴ ስም የታለ?»

ሳቁን አልተወም። «የሕዝብ ነው እኮ የሺ። ቃል ግጥም ባለቤት የለውም፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ሕዝብ ስም የለውም።»

«እናቴ ስም አላት። በለጡ።»

«ትክክል፣ ትክክል። እናትሽ ከሕዝቡ አንዷ ናት።»

«እርስዎስ ከሕዝቡ አይደሉም? ለምን ስምዎ ሽፋኑ ላይ ወጣ?»

አስተማሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሰባሳቢ ይጠቀሳል፣ ደንብ ነው።» ደብተሬን ጠየቅሁት። «ዕቃ ሳጓጉዝ የት እንደገባ... እፈልገዋለሁ» አለኝ። ስለ መጨረሻው ገጽ አፌን አልከፈትኩም። አስተማሪዎቹ ቆመዋል፣ ጊዜው ገና ያው ጊዜ ነው። ለማን እንደተለቀሰ ብናገር ማን ይሰማል፣ ማንስ ያወራል? ተመለስኩ። ይህንንም እጽፋለሁ፣ ካልጻፍኩ እኔም እሱን ነኝ።

መጽሐፉን ለእናቴ አላሳየኋትም። ማንበብ ስለማትችል ተደብቆ ይቀራል ብዬ ነበር። የጎረቤታችን ግድግዳ ግን ጭቃ ነው፣ ራዲዮናቸው እኛ ቤት ያለ ያህል ይሰማል። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም የልጆች ፕሮግራም መጣ። ሃያ ሠላሳ ሕፃናት ሆነው፣ በጭብጨባ፣ ሸሚዝህን አጠብኩት ይላሉ። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። እስኪያልቅ ሰማች። ሦስት ጊዜ ነው የደገሙት።

«የኔ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

ምስሩን መልቀም ጀመረች። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ለቅማ ስትጨርስ፣ ቀና ሳትል፣ «ደስ ብሏቸዋል ልጆቹ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦኖው ጋ አልወጣችም። ሸሚዙ ሳጥን ገባ። ከዚያ በኋላ ጥሩምባ ተነፍቶ ሰው ሲመጣ «ድምፄ ዘግቷል» ትላለች። ዘጠኝ ዓመት እንደዘጋ ኖረች። እሷ ስትሞት በቃል ያለቀሰላት ሰው የለም፤ የሚያውቅበት አልነበረም። ሦስቱን ጥያቄ የጠየቀኝም አልነበረም።

መምህር ንጋቱ ጡረታ ሲወጣ ወደ ልደታ ተመለሰ። ባርኔጣ ያደርግ ነበር፤ ሲያየኝ ያነሳል፣ እኔ ወደ ሌላ ጎን እዞራለሁ። እንዲህ ሆነን ስንት ክረምት አለፈ። አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ምርኩዝ ጀምሮ ነበር፣ መንገዴን ዘጋና «የሺመቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር» አለኝ። «ቸኩያለሁ» አልኩና አለፍኩት። አልቸኮልኩም ነበር። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሚጠብቀኝም ሰው የለም።

ወደ ግንቦት ልደታ ልመለስ። አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሐና ናት፣ የረሳሁትን ሳህን ይዛ፣ ላዩ ላይ ሰዎቹ ድፎ ዳቦ ጨምረውበት።

«እትዬ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?»

«አራተኛ ፎቅ ድረስ ሳህን ለመመለስ ነው የወጣሽው?»

«አይደለም» አለች። ቢያንስ አትዋሽም። ግቢ አልኳት።

ስልኳን አወጣች። የመምህር ንጋቱ ልጆች የአባታቸውን ወረቀት ለጥናት ሰጥተዋታል፣ ካርቶን ሙሉ፤ መካከሉ አንድ የተማሪ ደብተር አለ፤ አንዱ ገጽ ስለከነከናት ፎቶ አንስታዋለች። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የአሥራ ሰባት ዓመት እጄ ጽሑፍ ነው። ቦኖ፣ ቅዳሜ። አራቱም ስንኝ አሉ። የታችኞቹ ሁለት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል፣ ጎኑ ላይ «ለሥራ ዘፈን ይከብዳል» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ቀይ፣ «የሺን ልጠይቅ»። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ጠርጥሮ ነበር። ሳያውቅ ነው ብዬ ስጠላው ኖሬያለሁ፤ ለካ ጠርጥሮ ነው ያሳተመው። ደብተሩም አልጠፋም ነበር። ስንት ዓመት ባርኔጣውን ሲያነሳልኝ ያንን መስመር ያውቀዋል። አንዴ ሊጠይቀኝ ሞከረ፣ እኔም ቸኩያለሁ አልኩት። አንዴ። እኔ መንገዱን ዘግቼ ባስቆመው ኖሮስ? ይህን ሌሊትም ቀንም አገላብጬዋለሁ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ጥፋት አለው።

«የሺ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለች ልጅቱ በቀስታ። «እትዬ፣ ይኼ የማን ነው? ማለቴ... ለማን ነው?»

ያንን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቀኝ የለም። «በሳምንቱ ተመለሺ» አልኳት። ዳቦውን ቆርሼ ግማሹን ሰጥቻት ወረደች።

ሰኞ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። ራፖር ጸሐፊዎቹ ዛሬ ኮምፒውተር ይዘዋል እንጂ አሁንም እዚያው ናቸው። አንዱን ከድሮ አውቀዋለሁ።

«እትዬ የሺ! እርስዎም ክስ ጀመሩ?»

«ጻፍ ያልኩህን ጻፍ።»

«ተከሳሹ ማን ይባል?»

«ሞቷል።»

«እንግዲያው ወራሾቹን እንጥቀሳ!»

«ክስ አይደለም አልኩህ። ትንሽ ወረቀት ናት። መዳፍ የምታህል።»

ጻፈው። መሃል ላይ ሲደርስ ቀልዱን ተወ። መጨረሻ ላይ «ፊርማ ይኑረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይኑረው አልኩት። ብዙ ቅጂ አወጣልኝ፣ እሱው በመቀስ ቆረጠልኝ። እንዲህ ይላል፦

«በዚህ መጽሐፍ የልብስ አጣቢ ሴቶች ዘፈን የተባለው ለቅሶ ነው። በጭብጨባ አይባልም። ያለቀሰችው የልደታዋ ወይዘሮ በለጡ ናት። የተለቀሰለት ልጇ ተፈራ ነው። እጁ ራዲዮ ይጠግን ነበር። ተኮራርፎ የነበረው ከእህቱ ከየሺመቤት ጋር ነው፤ የእሷን ራዲዮ ፈታትቶ ዕቃውን ለሌላ ሰው ራዲዮ ስለተጠቀመበት ዓይንህን አልየው ብላው ነበር፤ በማግስቱ ዓርብ ተወሰደ። ሳይጨርስ የቀረው ያንኑ ራዲዮ ነው። የተቆረጡት ስንኞች እነዚህ ናቸው፦

ደርቆ አጠፍኩት ልጄ፣ ለባሹ አልመጣም፤
ነገም አጥበዋለሁ፣ እጄ ሥራ አላጣም።

የጻፈችው የሺመቤት። ቦኖ፣ ቅዳሜ።»

ከዚያ ሙጫ ገዛሁ። ቅዳሜ ሐና ስትመጣ አንዱን ሰጠኋት፣ ቆማ አነበበችው። እኔ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ፣ ሁለት ቤተ መጻሕፍትም ሄጄ መጽሐፉን እያስወጣሁ፣ ያንን ገጽ እየገለጥኩ ወረቀቷን ለጠፍኩ። አንዱ ነጋዴ «እማማ፣ ኧረ መጽሐፌን አበላሹብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ተበላሽቶ ነው የታተመው» አልኩት። እስከ ትናንት አሥራ ዘጠኝ ሆነዋል። ሙጫው አልቋል፤ ሰኞ እገዛለሁ።